ደሴ ያሠራሁት የማንቲስ ቤት፦ አንድ ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደሴ ውስጥ አንድ አናጺና አንዲት ልብስ ሰፊ ተጋግዘው የሠሩልኝ የማንቲስ ቤት ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ኖረውበታል፣ እንቁላል ተጥሎበታል፣ ብዙ ቆዳም ተቀይሮበታል። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት በብርዱና በበሩ ምክንያት ነው። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ማንቲስ ስል ያቺን ሁለት የፊት እግሮቿን እንደሚጸልይ ሰው ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ቅጠል መስላ የምትቆመውን ማለቴ ነው። ልጆች ሳለን እኛ ሰፈር የእግዜር ፈረስ ነበር የምንላት። ፌንጣ ናት ብሎ የሚያልፋትም ብዙ ነው። ግን ፌንጣ አይደለችም፤ የቅርብ ዘመዶቿ በረሮና ምስጥ ናቸው። ፌንጣ ሣር ይበላል፣ እሷ ደግሞ ፌንጣውን ትበላለች። በዓለም ላይ ወደ 2,400 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉ። አንዳንድ ሰው መርዝ አላት ብሎ ይሸሻታል፤ መርዝ የላትም፣ አትናደፍም። አጥብቃችሁ ከያዛችኋት በእሾሃማ እግሯ ቆንጠጥ ታደርጋችኋለች፣ በቃ።

ወደ ቤቱ ከመግባቴ በፊት ለምን እንዳሠራሁት ልናገር፤ ምክንያቱ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ዐምና ነሐሴ ላይ ገራዶ ወርጄ ክንፍ ያላወጣች አንዲት ሴት አገኘሁ። ማሳ ዳር፣ ሣሩ ጉልበት በደረሰበት ቦታ፣ እምቧይ ላይ ተቀምጣለች። ሴት መሆኗን ያወቅኩት የሆዷን ቀለበቶች ቆጥሬ ነው፤ በሴቷ 6 ይታያሉ፣ በወንዱ 8። ወንዱ ቀጠን ይላል፣ አንቴናውም ይረዝማል። በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከቅጠሏ ጋር አድርጌ ቤት አመጣኋት።

ያኔ የነበረኝ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ በሰው ያስመጣሁት የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ጥርት ያለ፣ የሚያምር፣ ክዳኑ ላይ ቀጫጭን የአየር መግቢያ ያለው ዕቃ። ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር። ሻጩን በስልክ ለነፍሳት ይሆናል ወይ ብዬ ጠይቄው ለሁሉም ይሆናል ብሎኛል። እኔም አመንኩ፤ እንዲያውም ያምርባታል ብዬ ከታች አፈር ጨመርኩበት።

12 ቀን ደህና ነበረች። ዝንብ ስሰጣት ትይዛለች፣ ጠዋት ጠዋት የረጨሁትን የውሃ ጠብታ ትጠጣለች። ከዚያ መብላት አቆመች። ይህ የተለመደ ነው፤ ቆዳዋን ልትጥል ስትል ለቀናት ምግብ አትነካም። ትከሻዋ ላይ ክንፎቿ የሚወጡበት እብጠት ወፍሮ ስለነበር የመጨረሻዋ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ጓጉቼም ነበር። ሌሊቱን አደረገችው። ጠዋት ስነሳ ወለሉ ላይ ተጣጥፋ፣ ግማሽ ቆዳዋ እግሯ ላይ እንደተጣበቀ አገኘኋት።

የሆነው እንዲህ ነው። ማንቲስ ቆዳዋን የምትጥለው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥላ፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ ነው። ቆዳው ከአንገቷ ጀርባ ይሰነጠቃል፤ እሷ በራሷ ክብደት ቀስ እያለች ወደ ታች ትንሸራተታለች። አዲሱ አካሏ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ድረስ ምንም ነገር ሊነካው አይገባም። የያዘችው ጣሪያ ልሙጥ ከሆነ ጥፍሮቿ ያንሸራትቷታል፣ ትወድቃለች። ቁመቱ ካነሰ ደግሞ ጭንቅላቷ ወለል ይነካና እንደታጠፈች ትደርቃለች። የእኔዋ ሁለቱም ደረሱባት። ክዳኑ ልሙጥ ፕላስቲክ ነበር፣ ያ 12 ሴንቲ ሜትርም ከአፈሩ በኋላ 9 ሆኗል፣ እሷ ራሷ 7 ሴንቲ ሜትር ነበረች። የፊት እግሮቿ ጠመው ደረቁ። የፊት እግር የሌላት ማንቲስ ማደን አትችልም። ዝንብ እየያዝኩ አፏ ድረስ ብወስድላትም 4 ቀን ብቻ ነው የቆየችው።

የቤቱ ቁመት ቢያንስ የእንስሳዋን ርዝመት 3 እጥፍ ይሁን የሚለውን ደንብ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ይሄ ግምገማ በሙሉ የሚለካው በዚህ ነው። የማንቲስ ቤት ዋናው ነገር ጣሪያው ነው። መልኩ፣ መብራቱ፣ ጌጡ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በወረቀት ስዬ ሆጤ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ አናጺ ሄድኩ። ዕድሜው የገፋ፣ ወንበርና ቁምሳጥን የሚሠራ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ይሠሩልኛል?» አልኩት። ስዕሉን አገላብጦ አየና «ምን ሊገባበት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ስለ ቆዳዋ፣ ስለ መንጠልጠሏ፣ ስለሞተችብኝም ነገርኩት። አልሳቀም። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና «እንግዲያው ጣሪያው ነው የሚያስፈልጋት፤ ወለሉን ማንም ይሠራዋል» አለኝ። ያኔ ሥራውን ለእሱ መስጠቴ ትክክል መሆኑን አወቅኩ።

ልኩ 20 በ20፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር። ወለሉ ኮምፔንሳቶ፣ ፊቱ መስታወት፣ ሦስቱ ጎኖችና ጣሪያው ስስ መረብ። እንጨቱ ጥድ እንዳይሆን ለመንኩት፤ የጥድ ሽታ ነፍሳትን የሚያርቅ ስለሆነ ፈራሁ። በግራቪሊያ ሠራው። ማዕዘኖቹ ልክክ ያሉ ናቸው፣ ዓመት ሙሉ አንዱም አልላላም። ኮላ ብቻ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ ምስማርም መትቶታል።

አንድ ያስቸገረኝ ነገር ቫርኒሽ ነው። አትቀቡልኝ ብዬ ነበር፣ ግን ልወስደው ስሄድ ሳጥኑ ሁሉ ያብረቀርቃል። ባዶ እንጨት ከእጄ ማውጣት አልለመደብኝም አለኝ። ቅር ቢለኝም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አነሳልኝ፣ እኔም ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ አቆየሁት። እናንተ ካሠራችሁ ቀለምም ቫርኒሽም እንዳይነካው ስዕሉ ላይ ጻፉበት፤ በቃል መናገር አይበቃም።

ቀጥሎ መረቡ ነው። እዚህ ላይ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ።

ልብስ ሰፊዋ ፒያሳ አካባቢ ቬሎ የምትሰፋ ሴት ናት። መረብ እፈልጋለሁ ስላት ወዲያው ከመደርደሪያ ሥር አሮጌ አጎበር አወጣችልኝ። በነጻ ልትሰጠኝ ነው። ደግነቷ ገብቶኛል፣ ግን አይሆንም አልኳት። ለወባ ተብሎ የሚታደለው አጎበር ክሩ ራሱ ፀረ ነፍሳት ኬሚካል አለበት። ትንኝ ሲያርፍበት የሚሞተው ለዚህ ነው። ማንቲስም ነፍሳት ናት፤ ቀንና ሌሊት እሱ ላይ ተንጠልጥላ ልትኖር ነው እኮ። ታጥቧል፣ አርጅቷል ብላችሁም አትመኑት፤ ኬሚካሉ ደጋግሞ ቢታጠብም ለዓመታት እንዲቆይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ኮምቦልቻና ከሚሴ በየቤቱ ትርፍ አጎበር ስለማይጠፋ ይህን ስህተት መሥራት በጣም ቀላል ነው።

የሽቦ ወንፊትም አስቤ ነበር። እሱ ደግሞ ለእግሯ ሻካራ ነው፣ የእግሯን ጫፍና ጥፍሮቿን ይጎዳል። በመጨረሻ የተስማማነው በቱል ነው፤ ያው ለቬሎ የሚሆነው ስስ ጨርቅ። ለስላሳ ነው፣ ጥፍር ይይዛል፣ አየር ያሳልፋል፣ ኬሚካል የለበትም። እኔ አዲስ ቱል ገዝቼ በሙቅ ውሃ ያለ ሳሙና አጥቤ አመጣሁላት። እሷ ዙሪያውን በጥብጣብ አጥፋ ሰፍታ እንደ ከበሮ ወጥራ ሰጠችኝ። የእህቴ ልጅ ሲያየው ሙሽራ ልታስገቡበት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ዋጋውን ለሚጠይቁ፦ ለአናጺው 450 ብር፣ ለመስታወቱ 120፣ ለአንድ ሜትር ቱል 150፣ ለስፌቱ 100። በጠቅላላ 820 ብር። ይሄ የዐምናው ዋጋ ነው። የፕላስቲኩ ሳጥን ከነማስመጫው 700 ወጥቶበት ነበር። በ120 ብር ልዩነት ያገኘሁት ነገር አይወዳደርም።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ኮምቦልቻ ወረድኩና ቦርከና ዳር አንዲት ሙሉ ሴት አገኘሁ፤ አረንጓዴ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት። ስፎድሮማንቲስ ከሚባሉት ትልልቅ የአፍሪካ ማንቲሶች ናት። ማንቲስ መፈለግ የሚወድ ሰው ወቅቱን ይወቅ። ክረምቱ አልፎ ዐደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ትልልቆቹ የሚገኙበት ጊዜ ነው። እሷን ራሷን አትፈልጉ፣ አታዩዋትም። ዝንብና ንብ የሚመላለስበትን አበባ ፈልጉና ፊት ለፊቱ ቁጭ በሉ። ከአበባው ሥር መሬት ላይ የተጣለ የቢራቢሮ ክንፍ ካያችሁ ቀና ብላችሁ እያንዳንዱን ግንድ በዓይናችሁ ውጡ። ጠዋት ገና ፀሐይ ሳይሞቅ ስለሚበርዳት አትሸሽም። ማታ ደግሞ የበር መብራት ሥር የሚመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ክንፋቸው ረጅም ነው፣ በደንብ ይበርራሉ።

በጋው ሲገባ ደግሞ የእንቁላል ከረጢቱን ፈልጉ። የደረቀ አረፋ ይመስላል፣ ቀለሙ ገለባ ነው፣ ክትክታና ግራር ቅርንጫፍ ላይ፣ የቅንጭብ አጥር ላይ፣ አንዳንዴ የድንጋይ ካብ ላይ ይጣበቃል። ላዩ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካሉበት ተዉት፤ ደቃቅ ተርቦች እንቁላሉን በልተው ወጥተዋል ማለት ነው። ደህና ከሆነ ከነቅርንጫፉ ቁረጡት እንጂ አትላጡት። ከአንድ ቦታ ከአንድ በላይ አልወስድም፣ እናንተም አትውሰዱ።

አዲሷን እንግዳ ቤቱ ውስጥ ሳስገባት ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ወለሉን አልነካችም። ከእጄ ወደ ጎኑ መረብ ተሻገረች፣ ወጣች፣ ጣሪያው ላይ ተገልብጣ ተንጠለጠለች፣ ከዚያ የፊት እግሮቿን አንድ በአንድ በአፏ ማጽዳት ጀመረች። ድመት ስትታጠብ የምታውቁት ያንን ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ የነበረችው ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ስትቧጥጥ ነበር የምትውለው። ይህቺ በአምስት ደቂቃ ቤቷ አደረገችው።

መስታወቱን በጣም ወድጄዋለሁ። በቱል ውስጥ ማየት ዓይን ያደክማል፤ በመስታወቱ ግን ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ዓይኗ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ በሄዳችሁበት የምትከተላችሁ ትመስላለች። ብሌን አይደለችም፤ በዚያ አቅጣጫ የተደረደሩት ጥቃቅን ዓይኖች ብርሃኑን ስለሚውጡ የሚፈጠር ጥቁረት ነው። ማታ ማታ ዓይኗ በሙሉ ይጠቁራል፣ ያ ደግሞ በጨለማ እንድታይ ነው። ከሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች ሌላ በአንቴናዎቹ መካከል 3 ትንንሾች አሏት፤ ያንን ያየሁት በዚሁ መስታወት በኩል በባትሪ ነው። ርቀት መለካትም ትችላለች። እንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ትንንሽ ባለ ሁለት ቀለም መነጽር በንብ ሰም ዓይኗ ላይ አጣብቀው፣ ፊልም እያሳዩ፣ እንደ ሰው በሁለት ዓይኗ ርቀት እንደምትለይ አረጋግጠዋል። እኔም ዝንብ ከእሷ ራቅ ሲል እያየች ዝም ትላለች። ጭንቅላቷን ቀኝና ግራ ታወዛውዛለች፣ ትጠጋለች፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ብቻ ትወረውራለች። እጇን ስትዘረጋ አታዩትም፤ ዝንቡ እጇ ላይ ሆኖ ነው የምታዩት።

ስለ ምግብ አጭር ነገር። ዝንብ፣ የእሳት እራት፣ ትንንሽ ፌንጣ እሰጣታለሁ። ከየት እንደያዛችሁት ግን እወቁ። በ2013 መግቢያ ላይ የአንበጣው መንጋ ወሎን ሲያጥለቀልቅ የተረጨውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ዛሬም ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል። ከተረጨ ማሳ የመጣ ፌንጣ ቤት የምታሳድጓትን ይገድላል። እኔ ከጓሮዬና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዳር ብቻ ነው የምይዘው። ቤት ውስጥም ፍሊት አይነፋም። ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጨስ ሳጥኑን ይዤ ወደ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ፤ እናቴም አሁን ለምዳው ከሰሉን ከማያያዟ በፊት «ልጅቷን አንሣት» ትለኛለች።

ኅዳር ላይ እንቁላሏን ጣለች። የት ጣለች? ጣሪያው ላይ፣ ቱሉ መሀል። ሦስት ቅርንጫፍ አስገብቼላት አንዱንም አልፈለገችውም። አረፋው በመረቡ ቀዳዳ ገብቶ ደርቋል፣ ልላጠው ብል ይፈርሳል። ጣሪያውን ወደ ልብስ ሰፊዋ ወሰድኩት። ዙሪያውን በመቀስ ቆርጣ አወጣችውና በቦታው አዲስ ቱል ጠገነችበት፣ 30 ብር ተቀበለችኝ። ይሄ የቱል ጣሪያ ጉድለት ነው ብዬ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን ማንቲስ እንቁላሏን የምትጥለው ደህና ነው ብላ ባመነችበት ቦታ ነው። ጉድለት ልለው ልቤ አልፈቀደም።

እሷ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በዕድሜዋ ሞተች። ማንቲስ ከእንቁላል እስከ ሞት ቢበዛ ዓመት ገደማ ነው የምትኖረው።

አሁን ብርዱ ጋ ደረስኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የጦሳ ብርድ ምን እንደሚመስል ለደሴ ሰው አይነገርም። የመረብ ቤት ሙቀት አይዝም። መስታወት ማሰሮ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይሻል ነበር። ሙቀት ሲቀንስ ማንቲስ መብላት ታቆማለች፣ እንቁላሉም ይዘገያል። እኔ ሳጥኑን ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀመጥኩት፣ ከኋላው ሙቀት ስለሚወጣ። ማታ ማታ ሦስቱን ጎን በአሮጌ ጋቢ እሸፍነዋለሁ፣ ፊቱን ክፍት እተዋለሁ። እንዲያም ሆኖ እንቁላሉ 11 ሳምንት ወሰደ። ኮምቦልቻ ያለ ሰው በዚህ በኩል ምንም አይቸገርም፤ እዚያ ቢሆን ይህን ነጥብ አልቀንስም ነበር።

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ተፈለፈሉ። ከረጢቱ ሥር በቀጭን ክር ተንጠልጥለው፣ ከዚያ እየተፈቱ፣ ጉንዳን የሚያካክሉ ልጆች። 90 ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ፦ የቬሎ ቱል ቀዳዳው ለእነሱ ሰፊ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግማሾቹ መጋረጃው ላይ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ እኔና የእህቴ ልጅ በለስላሳ ብሩሽ ስንለቅም ዋልን። ስለዚህ ይሄ ቤት ለትልልቆች እንጂ ለአራስ ልጆች አይሆንም። ለእነሱ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣችሁ አፉን በነጠላ ቁራጭና በላስቲክ እሰሩት። ነጠላው ድር ስለሆነ ይንጠለጠሉበታል፣ አያመልጡም። አንድ ጠርሙስ ለአንድ ልጅ፤ አብረው ካደጉ ይበላላሉ።

ለእነሱ ምግብ የሚሆኑት የበሰለ ሙዝ ላይ የሚያንዣብቡት ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። የሙዝ ልጣጭ ላይ አንድ ማንኪያ የጠላ አተላ ጠብ አድርጋችሁ ማሰሮ ውስጥ ክፍት ተዉት፤ በሁለት ቀን ይሞላል። ጎረቤታችን እትዬ ጠላ ስለሚጠምቁ አተላው አልቸገረኝም። ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው «ፍጥረት ነው፣ አብላ» ብለው በጣሳ ሞልተው ሰጡኝ።

10 ልጆች አስቀርቼ የቀሩትን እናታቸውን ያገኘሁበት ቦርከና ዳር መልሼ ለቀቅኳቸው። ሌላ ቦታ አለቅም፤ የዚያ አካባቢ ናቸው። ከ10ሩ 4 ለዐቅመ ማንቲስ ደረሱ፣ አንዷ ሴት፣ ሦስቱ ወንዶች። ሦስተኛ ቆዳቸውን ከጣሉ በኋላ ተራ በተራ ወደ ትልቁ ቤት አዛወርኳቸው። እዚያ ጣሪያ ላይ የተጣለውን ቆዳ ሁሉ ቀኑን እየጻፍኩ ቆጥሬያለሁ፤ 9 ጊዜ። አንድም አልወደቀም። አንድም እግር አልጠመመም። የሴቷን የመጨረሻውን ነሐሴ 14 ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከቆዳው ለመውጣት 20 ደቂቃ ገደማ ፈጀባት። ወጥታ ዞር አለችና የድሮ ቆዳዋን ይዛ ተንጠለጠለች፤ ከዚያ ክንፎቿ እንደ እርጥብ ወረቀት ተጨማደው ወጡ፣ ቀስ በቀስ ወረዱ፣ ተዘረጉ። ያቺ የገራዶዋ ይህን ሳታገኝ ነው የሞተችው። አለቀስኩ፤ ደስታም ነበረበት።

በእንደዚህ ዓይነት ቀን ሁለት ነገር አስታውሱ። መብላት ካቆመች ውስጥ ያለውን ዝንብም ፌንጣም አውጡ፤ ፌንጣ ለስላሳ ሰውነቷን ይቦጭቃል። ከጣለች በኋላም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አትንኳት፣ አታብሏት።

አሁን የበሩ ነገር። አናጺው በሩን በጎን በኩል በማጠፊያ ነው የሠራው፣ እንዲያ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከላይ ከተከፈተ እሷን አብሮ ስለሚያነሣ። ሐሳቡ ልክ ነበር። ግን ሐምሌ ላይ የደሴ እርጥበት እንጨቱን አሳበጠው፣ በሩ አልገጥም አለ። ስታገለው ሳጥኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቆዳ የምትጥል ማንቲስ ባለችበት ይህ አደጋ ነው። ልብስ ሰፊዋ ናት ያዳነችኝ። የበሩን እንጨት አውጥተን በቦታው ዚፕ ያለው ቱል ሰፋችበት። ዚፕ ድምፅ የለውም፣ እጅ ብቻ ይገባል፣ ምንም አይንቀጠቀጥም። ከመጀመሪያው እንደዚያ ቢሆን ኖሮ አምስቱንም ኮከብ እሰጥ ነበር።

ማን ይሥራው ካላችሁኝ፣ አንድ ማንቲስ ለሁለት ሳምንት አይቶ መልቀቅ የሚፈልግ ሰው 820 ብር አያውጣ፤ ትልቅ ሃይላንድና ነጠላ ይበቃዋል። ክረምቱን ሙሉ አሳድጎ ክንፍ ስታወጣ ማየት የሚፈልግ ግን ያሠራው። ባለ ክዳን ፕላስቲክ ሳጥን ለማንም አልመክርም፣ ጣሪያው ላይ ቱል ካልለጠፋችሁበትና ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ካላለፈ በቀር። የውጭ ዝርያ ለማስመጣት የምታስቡም ካላችሁ ተዉት፤ አውሮፓ ያሉ አሳዳጊዎች እንደ ብርቅ የሚፈልጉት ኢዶሎማንቲስ የተባለው ትልቁ የአበባ ማንቲስ እኮ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ነው። እኔ ገና አላየሁትም። ባቲ በኩል ቆላውን የምታስሱ ሰዎች ዓይናችሁን ክፈቱልኝ።

ሁለተኛውን ቤት ባለፈው ሳምንት አዝዣለሁ። ቁመቱ 40፣ በሩ ዚፕ፣ ጣሪያው እየወጣ የሚገባ ክፈፍ ላይ የተወጠረ፤ እንቁላል ከጣለችበት ክፈፉን ብቻ ማውጣት ነው። ጋሼ ስዕሉን ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ቫርኒሽ የለም አይደል?» ነበር። ቅዳሜ እወስደዋለሁ።